መሬት ያልነበረው ማኅበረሰብና አደራው፦ ከደሪጣ ገበያ እስከ ዛሬው መድረሳ

መግቢያ

የደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋ ሙስሊሞች ታሪክ በተነሣ ቁጥር ንግግሩ በገዥዎች ስም ይጀምራል። ራስ አሊ ለሙስሊሞች ያደሉ ነበር ይባላል፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ አስጨነቋቸው ይባላል። ዘመኑም ቤተ መንግሥቱ ፊቱን ባበራበትና ባጠቆረበት ወቅት ተከፍሎ ይተረካል። አተራረኩ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ዋናውን ጥያቄ ሳይመልስ ያልፋል። ርስት ያልነበረው፣ ሠራዊት ያልነበረው፣ ከዳኛ ወንበር የራቀ ማኅበረሰብ ሃይማኖቱን ለልጅ ልጅ ያወረሰው በምን ኃይል ነው?

ይህ ጽሑፍ መልሱን በገበያና በቤት ውስጥ ይፈልጋል። ሙስሊሙ ከመሬት በተገለለበት ዘመን መተዳደሪያው ንግድ ሆነ፤ የንግዱ ዋና ሀብት ደግሞ አማና፣ ማለትም አደራ ነበር። አደራው በተጠበቀበት ስፍራ ማኅበረሰቡ ተከበረ፤ በጎደለበት ስፍራ ደግሞ ዛሬም ልንጠየቅበት የሚገባ ጥፋት ተፈጸመ። ስለዚህ የደሪጣ ነጋዴዎች ታሪክ ለመምህራንና ለኢማሞች ሁለት ነገር ይሰጣል፤ የሚከተሉትን አርአያና የሚጠነቀቁትን ስሕተት። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» ተብለው ካልተለዩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ርስት አልባነት

በ1668 ዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ በጎንደር ባስደረጉት ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው በራሳቸው ሰፈር እንዲኖሩ ተወሰነ። ሰፈሩ «እስላም ቤት» በመባል ታወቀ፤ በኋላም አዲስ ዓለም የሚለው ስም ጸናበት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ በመጀመሪያ ያረፈው በዚሁ የሙስሊሞች ሰፈር ነበር። የነጋዴዎቹን አለቃ ነጋድራስ ሙሐመድንም በጽሑፉ አንሥቷል። ተለይቶ የሚኖረው ሕዝብ የከተማዋን ንግድ በእጁ ይዞ ነበር ማለት ነው።

ከሰፈር መለየት ይልቅ የከበደው ግን ከርስት መለየቱ ነበር። በቤጌምድር ርስት እህል የሚዘራበት መሬት ከመሆኑም በላይ፣ ሰው ከየትኛው አባት እንደ ወረደ የሚቆጠርበት፣ በአገር ሽማግሌ ፊት ቃሉ የሚሰማበት መሠረት ነበር። ሙስሊሙ በጭሰኝነት ያርስ ይሆናል፤ ባለ ርስት ግን አይባልም። ስለዚህ ኑሮውን ሽመናና ንግድ ላይ መሠረተ። በጎጃምና በቤጌምድር ብዙ ስፍራ «ነጋዴ» የሚለው ቃል ሙስሊም ከሚለው ጋር አንድ ሆኖ ይሰማ የነበረውም ስለዚህ ነው። ሰማዩን ዓምድ አልባ፣ ሙስሊሙን አገር አልባ የሚያደርገው የታወቀው አባባልም የተወለደው ከዚህ ሥርዓት ነው። አባባሉን ስንሰማ ስድቡን ብቻ ሳይሆን ከጀርባው ያለውን የመሬት ሕግ ማየት ይገባናል።

ደብረ ታቦርና የየጁ ራሶች

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ራስ ጉግሣ ደብረ ታቦርን መቀመጫቸው አደረጉ። የየጁ ገዥዎች ወረ ሼህ ይባሉ ነበር፤ ስሙ ራሱ የሼህ ቤተ ሰብ ማለት ሲሆን የትውልዳቸውን እስላማዊ ምንጭ ያስታውሳል። እነርሱ ግን ክርስትናን ተቀብለው በጎንደር ነገሥታት ስም የሚገዙ መሳፍንት ነበሩ። ራስ አሊ ዳግማዊ ከ1831 እስከ 1853 ከደብረ ታቦር ሲገዙ የሙስሊም ዘመዶቻቸውን ይቀበሉ፣ በሹመትም ያስጠጉ ነበር። የአካባቢው ሙስሊሞች ይህን ዘመን በናፍቆት ማስታወሳቸው አያስገርምም።

ሆኖም የገዥ ፍቅር ምን ያህል እንደሚያስጠልል የ1842ቱ የደብረ ታቦር ጦርነት ያሳያል። ጳጳሱ አቡነ ሰላማ በ1841 አገር በገቡ ጊዜ፣ ደጃዝማች ውቤ ድጋፋቸውን አግኝተው በራስ አሊ ላይ ተነሡ። ከክሶቹ አንዱ ራስ አሊ ክርስትናቸው በአፍ ብቻ ነው የሚል ነበር። ውቤ በየካቲት ወር በተደረገው ውጊያ ድል ካደረጉ በኋላ፣ በድሉ ደስታ ላይ ሳሉ በብሩ አሊጋዝ ተማረኩ፤ ራስ አሊም ሥልጣናቸውን መልሰው አገኙ። ከዚህ የምንማረው ግልጽ ነው፤ ለሙስሊሙ የታየው አዝማሚያ ራሱ በገዥው ላይ የሚመዘዝ ሰይፍ ሆነ። በዚያ ላይ ራስ አሊ የርስትን ሥርዓት አልለወጡም። በ1853 አይሻል ላይ በደጃዝማች ካሣ፣ በኋላ ዐፄ ቴዎድሮስ በተባሉት፣ ድል በሆኑ ጊዜ ያደሉለት ሕዝብ እንደ ቀድሞው መሬት አልባ ነበር። ቴዎድሮስ በ1866 ጎንደርን ሲያስዘርፉ፣ በ1867ም ደብረ ታቦርን አቃጥለው ወደ መቅደላ ሲያመሩ የንግዱ አገር ሁሉ ተናጋ።

የደሪጣ ገበያ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ፣ ከታላቁ የይፋግ ገበያ አጠገብ፣ ደሪጣ የምትባል የሙስሊም ነጋዴዎች ከተማ ነበረች። የታሪክ ተመራማሪው አብዱሰመድ ሐ. አሕመድ በ1989 ባሳተሙት ጥናት የዚህችን ከተማና የሙስሊም ነዋሪዎቿን ታሪክ ከ1830 እስከ 1889 ተከታትለዋል። ከግቤ ወንዝ ማዶ ካሉ አገሮች የሚነሣው የሲራራ ንግድ ዓባይን ተሻግሮ በጎጃሙ የባሶ ገበያ በኩል ወደ ሰሜን ይወጣል፤ በይፋግና በደሪጣ አልፎ ጎንደር ይደርሳል፤ ከዚያም በአንድ በኩል ወደ መተማና ወደ ሱዳን፣ በሌላ በኩል በአድዋ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። የሚጫነው ቡና፣ ዝባድ፣ ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ሰም ነበር፤ የሚመለሰው ጨርቅ፣ ማግና ዶቃ። ሒሳቡ የሚወራረደው በአሞሌ ጨውና በማርያ ትሬዛ ብር ነበር።

እንዲህ ያለ ንግድ በምን ይቆማል? ባንክ የለም፤ ውል የሚያስፈጽም የጋራ ፍርድ ቤት የለም፤ አንዱን መስፍን የሚያስገብር ኬላ አልፎ የሌላው ኬላ ይመጣል። ከባሶ የተነሣ ዕቃ መተማ ደርሶ ዋጋው እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። በዚህ ሁኔታ ባለ ገንዘቡ ዕቃውን ለሌላ ሰው የሚሰጠው፣ ተቀባዩም በዱቤ የሚወስደው አንዱ የሌላውን ቃል ስላመነ ብቻ ነው። የፊቅህ ኪታቦች ሙዷረባ የሚሉት የገንዘብና የጉልበት ሽርክና፣ ወዲዓ የሚሉት የአደራ ዕቃ፣ ከፋላ የሚሉት ዋስትና፣ ለሲራራ ነጋዴ የደረሳ ልምምድ ሳይሆኑ የዕለት ኑሮው ነበሩ። ዕዳ በጽሑፍ እንዲሰፍር በሱረቱል በቀራ የታዘዘበት አንቀጽ የቁርአን ረጅሙ አንቀጽ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ በደሪጣ ዓይነት ከተማ ትእዛዙ ምን ያህል ሥጋ የለበሰ እንደ ነበር ግን ብዙ ጊዜ ሳናስብ እናልፋለን።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ገዢውና ሻጩ ብዙውን ጊዜ ክርስቲያን ነበር። ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ ጋር በአንድ ማዕድ ሥጋ አይቆርስም፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይበላም። አምልኮው ለየብቻ፣ ሰፈሩም ለየብቻ ነው። የሚገናኙት በገበያ ነበር። ስለዚህ ገበሬው ስለ እስልምና የሚያውቀው በአብዛኛው በነጋዴው ሚዛን፣ ስፍርና ቃል አማካይነት ነበር። ሱረቱል ሙጠፊፊን ሲገዛ ሞልቶ የሚሰፍርን፣ ሲሸጥ የሚያጎድልን ሰው በማስጠንቀቅ ይጀምራል፤ ማስጠንቀቂያው ገዢው ሙስሊም ሲሆን ብቻ የሚል ልዩነት አላደረገም። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ከነብይነት በፊት አል አሚን ይባሉ ነበር፤ በሂጅራ ሌሊትም ዐሊይን (ረ.ዐ.) በመካ ያስቀሩት፣ ሊገድሏቸው ከተነሡት ሰዎች መካከል የነበሩት ባለ አደራዎች ጭምር ዕቃቸው ለየባለቤቱ እንዲመለስ ነበር። አደራ የተቀባዩን ጠባይ የሚያጣራ ሳይሆን የጠባቂውን እምነት የሚመሰክር ነው።

በዝምታ የማይታለፍ ገጽ

ይህን ብለን ብናቆም ታሪክን ሳይሆን ውዳሴን እንጽፋለን። በዚያው መንገድ ከቡናውና ከዝባዱ ጋር ሰዎችም ይሸጡ ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ በወረራና በአፈና የተያዙ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በጎጃምና በቤጌምድር አልፈው ወደ መተማና ወደ ምጽዋ ተነድተዋል። በዚህ ንግድ ውስጥ ሙስሊም ነጋዴዎች ጉልህ ድርሻ ነበራቸው። ክርስቲያን መሳፍንት ቀረጡን ይቀበሉ፣ ባሪያም ይይዙ ነበር፤ የነርሱ ተካፋይነት ግን የኛን ድርሻ አያነጻውም።

አንዳንድ ወንድሞች የዘመኑ ልማድ ነበር ብለው ያልፉታል። ነገሩ መመዘን ያለበት ግን ነጋዴው ራሱ በሚያምንበት ሕግ ነው። በቡኻሪ በተዘገበው ሐዲስ፣ አላህ በቂያማ ቀን ተከራካሪ የሚሆንባቸው ሦስት ሰዎች ተለይተዋል፤ በርሱ ስም ቃል ገብቶ የከዳ፣ ነፃ ሰውን ሸጦ ዋጋውን የበላ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ ሙሉ ሥራ ተቀብሎ ደመወዙን የከለከለ። በአፈናና በወረራ ከእርሻው ላይ የተያዘ ገበሬ ነፃ ሰው ነበር። ስለዚህ የገንዘብን አደራ እስከ መተማ ሳያጎድል የሚያደርስ ነጋዴ፣ በዚያው ጉዞ ከገንዘብ የሚበልጠውን አደራ፣ የሰውን ነፃነት፣ ሊበላ ይችል ነበር። ይህ ተቃርኖ ለመድረሳ ተማሪ ሊሸሸግ አይገባም። በአንድ ወገን ታማኝ መሆን በሌላው ወገን ከዳተኝነትን እንዳይሸፍን የሚያስተምር ከዚህ የተሻለ የአገራችን ምሳሌ የለምና።

ከቦሩ ሜዳ በኋላ

በ1878 በቦሩ ሜዳ በተደረገው ጉባኤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሙስሊሞች ክርስትና እንዲነሡ አወጁ፤ ለባለ ሥልጣኖች ሦስት ወር፣ ለሌላው ሕዝብ ሦስት ዓመት ተሰጠ። የወሎዎቹ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ ሼህ ጦልሐ ኢብን ጀዕፈርን የመሰሉ ዐሊሞች ደግሞ ተቃወሙ። ደብረ ታቦር ከንጉሡ መቀመጫዎች አንዷ ስለ ነበረች፣ በዙሪያዋ ለሚኖረው ሙስሊም አዋጁ ከሩቅ የሚሰማ ወሬ አልነበረም። ከፊሉ ወደ መተማና ወደ ሌላ አገር ተሰደደ። ከፊሉ በአፉ ተቀብሎ በልቡ ጸና፤ በሱረቱን ነሕል ተገድዶ ልቡ በእምነት የረጋ ሰው የተለየበትን፣ የዐማር ኢብን ያሲርንም (ረ.ዐ.) ታሪክ የሚያውቅ ይህን በድክመት ብቻ አይፈርደውም። በ1888 የመሐዲስቶች ጦር ጎንደርን አቃጠለ፤ በ1889 ንጉሡ በመተማ ጦርነት ወደቁ። በሁለት እሳት መካከል የቀረው የሲራራ መንገድ ተቋረጠ፤ ደሪጣም ከቀድሞ ክብሯ ወረደች።

የጠፋውና የቀረው ምንድን ነው? ዕቃው ተዘረፈ፤ ሰፈሩ ተበተነ፤ የገዥ ጥላም ከብዙ ጊዜ በፊት ተገፍፎ ነበር። የቀረው ሰው በራሱ ይዞ የሚሄደው ነው፤ በቃል የተያዘ ቁርአን፣ የተማረው ፊቅህ፣ የሚታወቅበት ስም። ሟቹ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ በ2001 በታተመው ስለ ወሎ እስልምና በጻፉት መጽሐፍ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት እምነቱን ያስፋፉትና ያደሱት በዋናነት ዐሊሞችና የትምህርት ማዕከሎቻቸው እንደ ነበሩ አሳይተዋል። ደረሳው ከጎንደር ወደ ወሎ፣ ከወሎ ወደ ሌላው አገር ዕውቀት ፍለጋ ይዞር ነበር። ሼህ ጦልሐ ራሳቸው አማርኛን በዐረብኛ ፊደል እየጻፉ ለሕዝቡ በሚገባው ቋንቋ አስተምረዋል። ነጋዴው ወራትን በመንገድ በሚያሳልፍበት ቤት ደግሞ የልጁን የመጀመሪያ ሥርዓት፣ ጡሃራውንና ሶላቱን የምትጠብቀው እናት እንደ ነበረች መገመት አያዳግትም። መስጊድ በሚፈርስበት ዘመን ቤት መድረሳ ይሆናል።

መሬቱ ሲመለስ

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የግዳጁ ጫና ቀለለ፤ ሙስሊሙ ግን እኩል ዜጋ አልሆነም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞችና አብረዋቸው የቆሙ ክርስቲያኖች የሃይማኖት እኩልነትን በመጠየቅ ታላቅ ሰልፍ ወጡ። በዓመቱ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ መሬትን የሕዝብ አድርጎ፣ በሃይማኖት ሳይለይ ለሚያርሰው ሰው የመጠቀም መብት ሰጠ። ዒዶቹና መውሊድም የሕዝብ በዓላት ሆኑ። በ2020 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1207 የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በሕግ የሰውነት መብት አገኘ።

እነዚህ ታላላቅ ድሎች ናቸው። ነገር ግን አንድ አዲስ ኃላፊነት አምጥተዋል። አያቶቻችን አደራን የጠበቁት በከፊል ሌላ መተዳደሪያ ስላልነበራቸው ነው፤ ስሙ የጎደፈ ነጋዴ ነገ የሚያበድረው አያገኝም ነበር። ዛሬ የሙስሊሙ ልጅ ገበሬ፣ ሐኪም፣ አስተማሪ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለ ሱቅ ይሆናል። ዕዳውን በከተማ ለውጥ ማምለጥ ይችላል። ችግር ያስጠብቀው የነበረውን አደራ ከእንግዲህ ሊያስጠብቀው የሚችለው ዕውቀትና ተቅዋ ብቻ ነው። በ2021 ዘምዘም ባንክና ሂጅራ ባንክ ከወለድ ነፃ አገልግሎት ይዘው ሥራ መጀመራቸው መልካም ነው፤ ሆኖም ባንኩ ወለድን ከውሉ ቢያወጣ፣ ሐሰትን ከተዋዋዩ ልብ አያወጣም። ይህ የመምህሩና የኢማሙ ሥራ ነው።

ጉርብትናም በዘመናችን ተፈትኗል። በደቡብ ጎንደር ክርስቲያኑ ሰርግ ሲደግስ ለሙስሊም ጎረቤቶቹ በጉን ለይቶ ማቅረቡ፣ እነርሱም ራሳቸው አርደው ለብቻ ድስት ጥደው መብላታቸው፣ ሙስሊሙም ለክርስቲያን እንግዳው እንዲሁ ማድረጉ የቆየ ልማድ ነው። ልዩነቱን ሳያፈርስ ክብርን የሚጠብቅ ሥርዓት ነው። በዚያው በደቡብ ጎንደር ግን በ2019 መጀመሪያ በእስቴ በመስጊዶች ላይ ጥቃት ደረሰ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ በ2022 ሚያዝያ በጎንደር ከተማ ከቀብር ሥነ ሥርዓት ጋር ተያይዞ በተነሣ ጥቃት ሙስሊሞች ተገደሉ። ከዚህ በኋላ ወጣቱ ለኢማሙ የሚያቀርበው ጥያቄ ከባድ ነው፤ «እነርሱ ካልጠበቁልን እኛ ለምን እንጠብቅላቸዋለን?» ይላል።

ለዚህ ጥያቄ ችኩል መልስ መስጠት አይገባም። ፍትሕ መጠየቅ፣ ጥፋተኛው በሕግ እንዲጠየቅ መከታተል፣ የሞተውን በስሙ ማስታወስ ግዴታ ነው፤ ሰብር በደልን መሸፈን አይደለም። ነገር ግን አደራ የውለታ ብድር አለመሆኑን የሂጅራ ሌሊት ታሪክ ወስኖታል። በደለኛው የተወሰነ ሰው ነው፤ በጉን ለይቶ ያቀረበው ጎረቤት ደግሞ ሌላ ሰው ነው። የአንዱን ዕዳ በሌላው ላይ መጻፍ በራሱ የሚዛን ማጉደል ነው።

ለመድረሳና ለሚንበር

ከዚህ ታሪክ ሦስት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። የመጀመሪያው በሥርዓተ ትምህርት ላይ ነው። በብዙ መድረሳዎቻችን ተማሪው ጡሃራንና ሶላትን ደጋግሞ ይማራል፤ የመሸጥና የመግዛት ምዕራፍ ላይ ሳይደርስ ግን ሱቅ ይከፍታል። የሙዓመላት ትምህርት በአጭሩም ቢሆን ቀድሞ ይሰጥ፤ ምሳሌውም ከአካባቢው ይሁን። በወረታ ገበያ የፎገራን ሩዝ የሚገዛ ነጋዴ ሚዛን፣ በፋርጣ ድንች አብሮ የሚጫን አፈር፣ ለአጨዳ የመጣ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ፣ በስልክ የተላከ ገንዘብ ተሳስቶ ሲገባ የሚደረገው፤ እነዚህ ዛሬ ፊቅህ የሚጠየቅባቸው ነገሮች ናቸው።

ሁለተኛው ታሪክን መሰብሰብ ነው። በየቤቱ ያሉ የዕዳ ወረቀቶች፣ የጋብቻና የውርስ ጽሑፎች፣ ያረጁ ኪታቦች፣ በአዛውንት አፍ ያለው የሲራራ ትዝታ ሳይጠፋ ይመዝገብ። የመድረሳ ተማሪዎች ከደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች ጋር ሆነው ሊያከናውኑት የሚችሉት ሥራ ነው። ባለቤቱ ሳይፈቅድ ኪታብ ከቤት አይውጣ፤ ምዝገባው ራሱ አደራ ነውና።

ሦስተኛው የኹጥባ ጉዳይ ነው። ራስ አሊን በማመስገንና ዐፄ ዮሐንስን በማውገዝ የሚያበቃ ኹጥባ አድማጩን የገዥ ፊት ጠባቂ አድርጎ ይመልሰዋል። የደሪጣን ነጋዴ በሙሉ ገጽታው፣ ከታማኝነቱም ከጥፋቱም ጋር የሚያቀርብ ኹጥባ ግን አድማጩ ከመስጊድ ወጥቶ የሱቁን ሚዛን እንዲያስተካክል፣ የሠራተኛውንም ደመወዝ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፍል ያደርገዋል። ርስት ያልነበራቸው አባቶቻችን ያወረሱን ይህን አደራ ነው፤ መሬቱ ተመልሶልናል፣ አደራውም እንዳይወሰድብን መጠበቅ የኛ ፈንታ ነው።

ወላሁ አዕለም።